መልሕቅ የት ይጣላል? — ስለ ቱአሞቱ ደሴቶች

ባለፈው የትንሣኤ ዕረፍት አምስት ጓደኛሞች ሆነን ወደ ዝዋይ ወርደን ነበር። ከአንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ለምነን፣ ምሳችንን ቋጥረን፣ ወደ ሐይቁ ገባ አልን። ከመካከሉ ቆመን ለመብላት ስላሰብን አንድ ደህና ድንጋይ በገመድ ጫፍ አሰርንና ወደ ውሃው ጣልን። ድንጋዩ ከሥር ሲደርስ ገመዱ ቀጥ ብሎ ተወጠረ፤ እኛም «መልሕቃችን ያዘ» ብለን እንጀራችንን ፈታን። ከቀትር በኋላ ግን የሐይቁ ነፋስ ተነሣ። ጀልባይቱ ድንጋዩን ከሥር ከሥሯ እየጎተተች ሄደችና ከቄጠማው ውስጥ ወስዳ ሰነቀረችን። ከመካከላችን ዋና የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ስለ ነበረ፣ ሳቁ የመጣልን ደረቅ መሬት ከረገጥን በኋላ ነው።

ሽማግሌው በሌላ ጀልባ መጥተው ሲያወጡን አልተቆጡም። «ልጆቼ፣ ገመዱን ምነው አሳጠራችሁት?» ብለው ብቻ ጠየቁን። እኛም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንደ መሆናችን፣ «አባባ፣ ገመዱ ቢረዝም ኖሮ ጀልባዋ ይብስ አትዞርም ነበር?» ብለን ልናስረዳቸው ሞከርን። እርሳቸውም ፈገግ ብለው ዝም አሉ።

ወደ ግቢ ከተመለስን በኋላ ግን ጥያቄያቸው አለቀቀንም። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት ገብተን ስለ መልሕቅ ማንበብ ጀመርን። ከዝዋይ የተነሣው ንባባችን ሳናስበው ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ወሰደን፤ በባለሸራ ጀልባ ዓለምን የሚዞሩ ሰዎች ስለ መልሕቅ አጣጣል ብዙ የሚከራከሩትና ብዙ የሚማሩት በዚያ ስለ ሆነ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያገኘነውን በአጭሩ እናቀርባለን። «ወደብ የሌለው አገር ልጅ ስለ ውቅያኖስ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን እንለምነዋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ እናሳስባለን።

ቱአሞቱ የሚባሉት ደሴቶች ከታሂቲ በስተ ምሥራቅና ሰሜን ምሥራቅ የሚገኙ፣ በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ግዛት ውስጥ ያሉ ናቸው። ከ70 በላይ ሲሆኑ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወደ 1500 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ባሕር ላይ ተበትነው ይታያሉ። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም አቶል የሚባለው ዓይነት ናቸው። አቶል ማለት ኮራል የሠራው ቀለበት ነው፤ በውጭው ጥልቅ ውቅያኖስ፣ በውስጡ ደግሞ ጸጥ ያለ ሐይቅ አለ። በቀለበቱ ላይ እዚህም እዚያም ኮኮናት የበቀለባቸው ጠባብ መሬቶች ይገኛሉ፤ የአገሩ ሰዎች እነዚህን ሞቱ ይሏቸዋል።

ይህ ቀለበት እንዴት ሊፈጠር ቻለ? መልሱን የሰጠው ቻርልስ ዳርዊን ነው። ዳርዊን በ1835 ቢግል በምትባለው መርከብ በቱአሞቱ መካከል አልፎ ወደ ታሂቲ ሄዷል። በ1842 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ አቶል ሁሉ በመጀመሪያ ከባሕር የወጣ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነበር። ኮራል የፀሐይ ብርሃን በሚደርስበት ውሃ ብቻ የሚያድግ ፍጡር በመሆኑ በተራራው ዙሪያ እንደ አጥር ይበቅላል። ተራራው በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ቀስ በቀስ ወደ ባሕር ሲሰምጥ ኮራሉ ብርሃኑን ላለማጣት ወደ ላይ ያድጋል። በመጨረሻ ተራራው ጠፍቶ አጥሩ ብቻ ይቀራል። ይህ አሳብ ለብዙ ጊዜ ሲያከራክር ቆይቶ በ1952 በማርሻል ደሴቶች በሚገኘው በኤኒዌቶክ አቶል መሬቱ ሲቦረቦር፣ ከ1200 ሜትር በላይ የኮራል ኖራ ካለፈ በኋላ የእሳተ ገሞራው ድንጋይ ተገኘ። እንግዲህ አቶል የሰመጠ ተራራ የመቃብር ምልክት ነው ማለት ይቻላል።

የባሕረኛውም ችግር የሚመነጨው ከዚሁ አፈጣጠር ነው። ተራራማ ደሴት ከሩቅ ይታያል፤ አቶል ግን ከባሕሩ ወለል ከፍ የሚለው በጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ከትንሽ ጀልባ ላይ ለቆመ ሰው መጀመሪያ የሚታየው የኮኮናቱ ራስ ሲሆን፣ እርሱም አየሩ ጥሩ ሲሆን ከ15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጀልባ ፍጥነት በኖት ይቆጠራል፤ 1 ኖት ማለት በሰዓት 1 የባሕር ማይል፣ ይኸውም 1852 ሜትር ነው። በ6 ኖት የምትሄድ ጀልባ እንግዲህ ኮኮናቱን ካየች በኋላ ከግንቡ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይፈጅባትም። በሌሊት ደግሞ ኮኮናቱም አይታይም። ኮኮናት ያልበቀለበት የቀለበቱ ክፍል ከውሃው እኩል በመሆኑ በቀንም ቢሆን የሚታወቀው ነጭ አረፋውን በማየት ነው።

በ1722 የሆላንዱ ሮጌቬን ከሦስቱ መርከቦቹ አንዲቱን በእነዚህ ደሴቶች ላይ ሰበረ። በ1768 የፈረንሳዩ ቡጋንቪል በአጠገባቸው ሲያልፍ ሊጠጋቸው ስላልደፈረ «አደገኛው የደሴቶች ስብስብ» ብሎ ስም አወጣላቸው። ስሙም በካርታ ላይ ተጽፎ ለብዙ ዘመን ኖረ። አንባቢያችን ይህን ስም በአእምሮው ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን አንዲት ባለሸራ ጀልባ ወደ ቱአሞቱ መጣች እንበል። የብዙዎቹ መንገድ የታወቀ ነው፤ ከፓናማ ወይም ከጋላፓጎስ ተነሥተው ወደ 5500 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ያለ ምንም ማረፊያ ተጉዘው መጀመሪያ ማርኬሳስ ይደርሳሉ። ከዚያ ወደ ቱአሞቱ የአራትና የአምስት ቀን መንገድ ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ የአውሎ ነፋስ ወራት ስለ ሆነ አብዛኞቹ የሚመርጡት የቀሩትን ወራት ነው። መርከበኞቹ ደክመዋል፤ በፊታቸው የሚታየው የውስጥ ሐይቅ ደግሞ እንደ ብርሌ ጠጅ ያስጎመጃል። ነገር ግን መልሕቅ ከመጣላቸው በፊት አራት ጥያቄዎችን መመለስ አለባቸው፤ በየት ይገባል? በምን ይታያል? መልሕቁ ምን ይይዛል? ነፋሱ ቢዞር በየት ይወጣል?

የመጀመሪያው የበሩ ጥያቄ ነው። ብዙ አቶሎች በቀለበታቸው ላይ አንድ ወይም ሁለት በር አላቸው፤ ጭራሽ በር የሌላቸውም አሉ፤ ወደ እነርሱ ጀልባ አይገባም። በቱአሞቱ የባሕር ሙላትና ጉድለት ከግማሽ ሜትር አይበልጥም። ታዲያ በበሮቹ የሚወርደው ውሃ ለምን እንደ ክረምት ወንዝ ይሆናል? ምክንያቱ ይህ ነው። ከደቡብ የሚመጣው ረዥም ሞገድ በግንቡ ላይ እየዘለለ ሌሊትና ቀን ሐይቁን ይሞላዋል። የገባው ውሃ መውጫው ያ ጠባብ በር ብቻ ነው። በአንዳንዱ በር የሚወጣው ፍሰት ከ6 ኖት ይበልጣል፤ የትንሽ ጀልባ ሞተር ደግሞ ከዚያ እምብዛም የማይበልጥ ጉልበት አለው። የሚወጣው ውሃ ከውጭ ከሚመጣው ነፋስ ጋር ሲጋጠም በበሩ አፍ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሞገድ ይነሣል። ስለዚህ አዋቂው ባሕረኛ ውሃው የሚረጋበትን አጭር ጊዜ ከሰንጠረዥ ላይ ፈልጎ በውጭ ይጠብቃል። ሆኖም ደቡቡ ሞገድ በበረታ ሳምንት ውሃው ሳያቋርጥ ሲወጣ ሊሰነብት ስለሚችል ሰንጠረዡ ብቻውን አያድንም፤ ከበሩ ፊት ቆሞ ውሃውን በዓይን መመልከት ግድ ነው። ያልተመቸው እንደ ሆነ ዞሮ መሄድ ነው። «እስከዚህ ድረስ መጥቼ» የሚለው አሳብ ብዙ ጀልባ ሰብሯል።

ሁለተኛው የማየት ጥያቄ ነው። በሐይቁ ውስጥ ከጥልቁ ወለል ተነሥተው ከውሃው ወለል ጥቂት ዝቅ ብለው የሚቀሩ የኮራል ዓምዶች አሉ። ብዙ ሐይቆች ሙሉ በሙሉ ተለክተው በካርታ ላይ አልሰፈሩም። እዚህ ላይ የሚያገለግለው ቀለም ማንበብ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ጥልቅ ውሃ ነው፤ ብሩህ አረንጓዴ ሰማያዊ ከሥሩ አሸዋ ያለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው፤ ቡናማ ኮራል ነው፤ ወደ ቢጫ ያደላ ከሆነ ቋጥኙ ከጀልባዋ ሥር ሊደርስ ተቃርቧል ማለት ነው። ይህ ቀለም የሚነበበው ግን ፀሐይ ከፍ ብላ ከጀርባ ስትሆን ነው። ስለዚህ ጉዞው ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል፤ አንድ ሰው የውሃ ነጸብራቅ የሚያጠፋ መነጽር አድርጎ ከጀልባዋ ፊት ወይም ከምሰሶው ላይ ይቆማል። የደመና ጥላ እንኳ ኮራል መስሎ ያሳስታል። ፀሐይ ከፊት ስትሆን ደግሞ ውሃው ሁሉ አንድ ወጥ ብር ይመስላል፤ የዚያን ጊዜ የሚያይም ያው እንደ ዕውር ነው።

ሦስተኛው የዝዋዩ ሽማግሌ ጥያቄ ነው። መልሕቅ ጀልባን የሚይዘው በክብደቱ ነው ብለን እናምን ነበር። ስሕተት ነው። በ1933 የካምብሪጁ የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ ጄፍሪ ኢንግራም ቴይለር አንድ አዲስ መልሕቅ ፈለሰፈ፤ ቅርጹ የማረሻ ነው፤ ፈረንጆቹም «የማረሻ መልሕቅ» ይሉታል። ማረሻን ለምናውቅ ለእኛ ምሥጢሩ ወዲያው ይገለጣል። በሬዎቹ ሞፈሩን ዝቅ ባለ መሥመር ሲስቡት ማረሻው ወደ መሬት ይገባል፤ ሞፈሩን ወደ ላይ ብናነሣው ግን ማረሻው ከአፈር ይወጣል። መልሕቅም እንዲሁ ነው። ገመዱ አጭር ከሆነ ጀልባዋ ወደ ላይ ትስበዋለች፤ ይነቀላል። ረዥም ከሆነ ግን በባሕሩ ወለል ላይ ተጋድሞ ወደ ጎን ይስበዋል፤ በተሳበ ቍጥርም ወደ አሸዋው ይብስ ይጠልቃል። ስለዚህ ሰንሰለቱ ቢያንስ የጥልቀቱን አምስት እጥፍ መሆን አለበት ይባላል፤ በ10 ሜትር ውሃ 50 ሜትር ማለት ነው፤ ነፋስ ሲበረታ ከዚያም በላይ ይለቀቃል። ሽማግሌው ፈገግ ያሉበት ምክንያት ይህ ነበር። ጀልባዋ መዞሯ እውነት ነው፤ የሚጠቅመው ግን ቆማ አለመዞሯ ሳይሆን እየዞረች አለመሄዷ ነው።

በአቶል ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ተራ ገመድ በኮራል ስለት ይቆረጣል፤ ስለዚህ ሰንሰለት ያስፈልጋል። ነገር ግን ጀልባዋ ስትዞር ሰንሰለቱ በኮራል ዓምዶች ላይ ይጠመጠማል። የተጠመጠመ ሰንሰለት በተግባር አጭር ሰንሰለት ነው፤ በሞገድ ጊዜ ወይ ራሱ ይበጠሳል፣ ወይ የታሰረበትን የጀልባ ፊት ይሰብራል። ኮራሉንም ይፈጫል። ትልልቆቹ የኮራል ድንጋዮች በዓመት አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚያድጉ አንድ ሌሊት የሰበረውን የሰው ዕድሜ አይመልሰውም። ለዚህ የተገኘው ዘዴ ቀላል ነው። መልሕቁ ከአሸዋ ላይ ይጣላል፤ ከዚያ ሰንሰለቱ በየተወሰነ ርቀት ተንሳፋፊ ኳስ ይታሰርበትና ከኮራሉ በላይ ተንሳፎ ይቆያል። ብዙዎች የሚጠቀሙት ከዕንቍ እርሻዎች አምልጦ በባሕር ዳር የወደቀውን ኳስ ነው፤ ቱአሞቱ ጥቁር ዕንቍ የሚመረትበት አገር ነውና።

አራተኛው የመውጫው ጥያቄ ነው። በዚያ አገር ዘወትር የሚነፍሰው ነፋስ ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ ስለ ሆነ ጀልባ ሁሉ ከምሥራቁ ሞቱ ጥግ ይቆማል። ነፋሱ እንደ ወትሮው እስከ ነፈሰ ድረስ ከዚያ የተሻለ ዕረፍት የለም። ነፋሱ በድንገት ወደ ምዕራብ የዞረ እንደ ሆነ ግን መጠለያ የነበረው መሬት ጠላት ይሆናል። ለምሳሌ የራንጊሮአ ሐይቅ ርዝመቱ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ ነፋስ ያን ሁሉ ውሃ አቋርጦ ሲመጣ የሐይቅ ሞገድ ሳይሆን የባሕር ሞገድ ይዞ ይመጣል፤ በጀልባዋ ጀርባም ኮራል ይጠብቃል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀለም በማይነበብበት በሌሊት ነው። ስለዚህ ብልኅ ባሕረኛ በገባበት ቀን በብርሃን መውጫውን ለክቶ ይጽፋል፤ ያማረ ቦታ ሳይሆን የሚያስወጣ ቦታ ይመርጣል።

«ይህ ሁሉ የድሮ ጭንቀት ነው፤ ዛሬ ሳተላይት አለ» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፤ ዛሬ ማንኛውም ጀልባ ያለበትን ቦታ በጥቂት ሜትር ልዩነት ያውቃል። ነገር ግን ራስን ማወቅና ቋጥኙን ማወቅ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዳንዱ ካርታ የተለካው ሳተላይት ከመፈጠሩ በፊት ስለ ሆነ ደሴቱ ካለበት ፈቀቅ ብሎ ተሥሎ ይገኛል። ከቱአሞቱ ወጣ ብለን አንድ የታወቀ ምሳሌ እንጥቀስ። በ2014 ኅዳር ወር ቬስታስ ዊንድ የምትባል ጀልባ፣ ቮልቮ ኦሽን ሬስ በሚባለው የዓለም ዙሪያ ውድድር ላይ ሳለች፣ በሕንድ ውቅያኖስ ከሞሪሸስ ሰሜን ምሥራቅ ካለው ከካርጋዶስ ካራጆስ የኮራል ግንብ ላይ በሌሊት በሙሉ ፍጥነቷ ወጣች። ዘጠኙ መርከበኞች በሙሉ በሙያቸው የተመሰከረላቸው ነበሩ፤ በሕይወትም ተርፈዋል። ግንቡ በኤሌክትሮኒክ ካርታቸው ውስጥ ነበር፤ ነገር ግን ካርታው ተጠግቶ ካልታየ በግልጽ አይታይም ነበር፤ እነርሱም በበቂ አልተጠጉትም። ዕውቀቱ በእጃቸው እያለ ዓይናቸው አላገኘውም። ከእኛም መካከል ለፈተና የማስታወሻውን አርእስት ብቻ አንብቦ የገባ ሰው ይህን ታሪክ በደንብ ይረዳዋል።

አሁን ቡጋንቪል ወደ ሰጠው ስም እንመለስ። «አደገኛ» ያለው ማን ነው? እንግዳው ነው። ለአገሩ ሰዎች እነዚያ ደሴቶች ቤታቸው ነበሩ፤ ከቡጋንቪል ብዙ መቶ ዓመታት በፊት ያለ ኮምፓስና ያለ ካርታ በታንኳ ተመላልሰውባቸዋል። በ1947 የኖርዌዩ ቶር ሄየርዳል ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ኮን ቲኪ በተባለችው የእንጨት ታንኳ ከፔሩ ተነሥቶ ከ101 ቀን በኋላ በቱአሞቱ ከራሮያ ግንብ ላይ ተላተመ። በዚያን ጊዜ፣ የፖሊኔዥያ አባቶች በነፋስና በፍሰት እየተነዱ እንጂ ዐውቀው ሩቅ ደሴት ሊያገኙ አይችሉም ብለው የሚከራከሩ ሊቃውንት ነበሩ። በ1976 ግን ሆኩሌአ የተባለች፣ በጥንቱ ሥርዓት የተሠራች ባለሁለት አካል ታንኳ ከሃዋይ ወደ ታሂቲ ጉዞ ጀመረች። መንገድ መሪዋ ከማይክሮኔዥያ ከሳታዋል ደሴት የመጣው ማው ፒያይሉግ ነበር። በጀልባዋ ላይ ያለ መሣሪያ፣ በከዋክብት፣ በሞገድ አቅጣጫና በወፎች ብቻ እየመራ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ መጀመሪያ ያገኘው መሬት ከቱአሞቱ ደሴቶች አንዱ የሆነው ማታይቫ ነበር። መሬት መቅረቡን አስቀድመው የነገሩት ሌሊት በመሬት አድረው ቀን በባሕር ዓሣ የሚያድኑ ነጫጭ ወፎች ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንድናስብ ይገባል። ለቡጋንቪል ቱአሞቱ ወጥመድ ነበረ፤ ለማው ግን እንደ ተዘረጋ መረብ ነበር። ታሂቲን በቀጥታ መፈለግ በሜዳ ላይ መርፌ እንደ መፈለግ ነው፤ 1500 ኪሎ ሜትር የተዘረጉ ደሴቶችን ግን መሳት አስቸጋሪ ነው፤ አንዱ ከተገኘ የቀረው መንገድ ይታወቃል። ባሕሩ አንድ ነው፤ ቋጥኙም አንድ ነው፤ የተለየው የተመልካቹ ዕውቀት ነው። ስሙን በካርታው ላይ የጻፈው ግን የማያውቀው ነበር። ከዚህም የከፋው፣ ፈረንሳይ ከ1966 እስከ 1996 የኑክሌር ቦምቧን የሞከረችው በዚሁ በቱአሞቱ በሞሩሮአና በፋንጋታውፋ አቶሎች ነው። እንግዲህ የደሴቶቹ ትልቁ አደጋ ከኮራሉ አልመጣም።

በዛሬው ጊዜም ጥሩ መቆሚያ የሚያገኘው ጀልባ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጀልባ ነው። የትኛው አሸዋ ንጹሕ እንደ ሆነ፣ የዕንቍ እርሻው ገመድ በየት እንደሚያልፍ የሚያውቀው መንደርተኛው ነው። የዓሣውም ነገር እንዲሁ ነው፤ በአንዱ ግንብ የሚበላ ዓሣ በሌላው ግንብ ሲጓቴራ የሚባል መርዝ ይይዛል፤ በመልክም በጣዕምም አይለይም፤ የትኛው የት እንደሚበላ የሚነግረው ያገሩ ሰው ብቻ ነው። ሳይጠይቅ የጣለ የሰው መረብ ይቆርጣል፤ ሳይጠይቅ የበላም ሆዱን ይዞ ይተኛል።

ጽሑፋችንን ስናጠቃልል፣ እኛ በዚህ ግቢ ያለን ሰዎች ነገ በየአውራጃው ተበትነን አስተማሪ፣ ጸሐፊ፣ ሹም እንሆናለን። በእጃችን ካርታ ይኖራል፤ ካርታውም ጠቃሚ ነው፤ እኛም እንደ ማውና እንደ ዝዋዩ ሽማግሌ ልናነብ የምንችለው ኮከብም ሆነ ውሃ የለንም። ነገር ግን በደረስንበት ሁሉ ያላወቅነውን አገር «አስቸጋሪ» ብለን ስም ከማውጣታችን በፊት፣ በዚያ ሲኖር የቆየውን ሰው በየት ይገባል፣ በየት ይወጣል ብለን እንጠይቅ። በመጪው ዕረፍት ወደ ዝዋይ ልንመለስ አስበናል። ለሽማግሌው የምንወስድላቸው ስጦታ አንድ ጥቅል ገመድ ነው፤ ርዝመቱን እርሳቸው ይንገሩን ብለን ገና አልቆረጥነውም።